በመጋቢው ደረት ኪስ የነበረች ቤተ ክርስቲያን፦ የአንድ አመራር ርክክብ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ይህ ጽሑፍ አንድ የጴንጤቆስጤ ቤተ ክርስቲያን መጋቢ አጥቢያቸውን ለተተኪ እንዴት እንዳስረከቡ ይተርካል። መጋቢው በደርግ ዘመን በኅቡዕ ያገለገሉ፣ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ በአንድ ሳሎን ይሰበሰብ የነበረውን ጉባኤ አዳራሽ እስኪጠበው ያሳደጉ ሰው ናቸው። ነገሩ የሆነው ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ካሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች በአንዷ ነው። የከተማዋን፣ የቤተ እምነቷንና የሰዎቹን ስም አልጠቅስም፤ አብዛኞቹ በሕይወት አሉ፣ ያልሻረ ቁስልም አለ። የርክክብ ኮሚቴው ጸሐፊ ስለ ነበርኩ ቃለ ጉባኤዎቹን የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። መጋቢውም "ለሌሎች ከጠቀመ ጻፈው" ብለው ፈቅደዋል።

ለመጻፍ የገፋፋኝ አንድ ነገር ነው። በስደት ዘመን አማኙን ከእስርና ከመበተን ያተረፈው አሠራር፣ በነጻነት ዘመን ሳይለወጥ ሲቀር ያችኑ ቤተ ክርስቲያን ሊያፈርሳት ይችላል። ይህን በብዙ አጥቢያዎች አይቼዋለሁ፤ የዚህችን ያህል ጥርት ብሎ የታየበት ግን የለም።

መጋቢውና ዘመናቸው

መጋቢው የተወለዱት በ1940ዎቹ አጋማሽ ከገበሬ ቤተሰብ ነው። ወንጌልን የሰሙት በ1960ዎቹ መግቢያ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳሉ ነበር። በዚያን ጊዜ የጴንጤቆስጤ እንቅስቃሴ ከፊንላንድና ከስዊድን ሚሲዮናውያን ግቢ ወጥቶ በሐረር፣ በናዝሬት፣ በሐዋሳና በአዲስ አበባ በተማሪዎች እጅ ገብቷል። የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን መሥራቾች በ1959 ዓ.ም. ለመመዝገብ ቢያመለክቱም የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አልፈቀደላቸውም። በነሐሴ 1964 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለአምልኮ የተሰበሰቡ ወደ 250 የሚጠጉ አማኞች ተይዘው ታሰሩ። "ጴንጤ" የሚለው ስም ያን ጊዜ ስድብ ነበር። የመጋቢው አባትም ልጃቸው ጴንጤ ሆነ ሲባሉ ከቤት አባረሯቸው፤ አባትና ልጅ የታረቁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

የ1966ቱ አብዮት መጀመሪያ ላይ እፎይታ ቢያመጣም አልቆየም። አብያተ ክርስቲያናት አንድ በአንድ ተዘጉ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተወስደው ተገደሉ። በጥር 1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘግታ መሪዎቿ ታሰሩ። መጋቢው ያን ጊዜ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበሩ። በሰልፍ ላይ ግራ እጃቸውን አንሥተው "ከሁሉም በላይ አብዮቱ" አልልም በማለታቸው ታሰሩ፤ ሲፈቱም ወደ ማስተማር አልተመለሱም። ልብስ እየሰፉ ኖሩ። መስፊያዋ ቤት የኅቡዕ ኅብረቱ መገናኛ ሆነች፤ ልብስ ሊያሰፋ የሚገባና የሚወጣ ሰው ማንንም አያስጠረጥርም።

አሠራሩን ከራሳቸው አፍ ሰምቼዋለሁ። በአንድ ቤት ከጥቂት ሰው በላይ አይሰበሰብም። ጫማ ደጅ አይቀርም፤ አላፊ አግዳሚ እንዳይቆጥረው ወደ ውስጥ ይገባል። ቡና ይፈላል፣ መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው፣ ቀኑና ቤቱ በየጊዜው ይቀያየራል። አንዱ ቡድን የሌላውን መሰብሰቢያ አያውቅም፤ ሁሉንም የሚያውቁት መጋቢውና አንድ ሌላ ወንድም ብቻ ናቸው። ከተያዘ ማስረጃ ስለሚሆን የአባላት መዝገብ የለም። መባው በአንድ ሰው እጅ ይቀመጣል፤ ለታሳሪ ቤተሰብ ሲሰጥም ደረሰኝ የለውም። መልእክት የሚላከው በንግድ ቋንቋ ነው፤ "ሦስት ኪሎ ቡና ገባ" ማለት ሦስት ሰው ተጠመቀ ማለት ነው።

ይህ አሠራር ፍሬ አፍርቷል። በመላ አገሪቱም የሆነው ይኸው ነው፤ መሠረተ ክርስቶስ ስትዘጋ ወደ 5,000 የሚጠጉ አባላት የነበሯት ሲሆን፣ ደርግ በወደቀበት ወቅት በየቤቱ ተሰባስበው የተገኙት ከ34,000 በላይ ነበሩ። የዛሬው ትውልድ ያን ትጋት አቃልሎ እንዳያይ እፈልጋለሁ። ከዚህ በታች የምተቸው አሠራሩ ከዘመኑ በኋላ መቀጠሉን እንጂ አሠራሩን ራሱን አይደለም።

ከ1983 በኋላ

ግንቦት 1983 ዓ.ም. ሲመጣ አማኞቹ ወደ አደባባይ ወጡ። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንቶች ከሕዝቡ 10.2 በመቶ ነበሩ፤ በ1999ኙ ቆጠራ 18.6 በመቶ ደረሱ። በዚህች አጥቢያም ጉባኤው ከሳሎን ወደ ድንኳን፣ ከድንኳን ወደ ቆርቆሮ አዳራሽ፣ ከዚያም ወደ ብሎኬት ሕንጻ ተሻገረ። በዙሪያዋ ባሉ ገጠሮች የስብከት ጣቢያዎች ተከፈቱ።

ሕንጻው ሲያድግ አሠራሩ ግን በዚያው ቀረ። መጋቢው በሸሚዛቸው ደረት ኪስ አንዲት ትንሽ ደብተር ይይዛሉ። የተጠማቂ ቁጥር፣ የወንጌላውያን ደመወዝ፣ የአደራ ገንዘብ፣ የመበለቶች ቤት ኪራይ፣ ገና ያልታረቁ ባልና ሚስት፣ ሁሉም እዚያች ደብተር ላይ በምሕጻረ ቃል ይጻፋል። ደብተሯ ስትሞላ ሌላ ትተካለች፤ ያለቀችው ሳጥን ትገባለች። የሽማግሌዎች ጉባኤ ነበረ፣ ይሰበሰባልም፤ ነገር ግን "ጋሼ ምን አሉ?" ሳይባል የተወሰነ ነገር አልነበረም። መጋቢው ገንዘብ የሚወዱ ሰው አይደሉም። ቤተሰባቸው የሚኖረው በቤተ ክርስቲያኗ ግቢ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ነበር፤ ደመወዛቸውንም ከወር አጋማሽ በፊት ለችግረኛ ይጨርሱት ነበር። ሰዉ ያምናቸው የነበረው በምክንያት ነው። ማንም ጥያቄ ያላነሣውም በዚሁ እምነት የተነሣ ነው።

ችግሩ የተገለጠበት

በ2008 ዓ.ም. መጋቢው ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸውና ንግግራቸው ተያዘ። ለሕክምና አዲስ አበባ በቆዩባቸው ሳምንታት አጥቢያዋ በራሷ መቆም እንደማትችል ታየ።

መጀመሪያ የተነካው ደመወዝ ነው። የባንክ ሒሳቡ የሚንቀሳቀሰው በመጋቢውና በአንድ ሽማግሌ ጣምራ ፊርማ ነበር፤ ፈራሚ ለመቀየር ባንኩ ቃለ ጉባኤና ከዋናው ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ደብዳቤ ጠየቀ። ያ እስኪሟላ በገጠር ያሉት ወንጌላውያን ሁለት ወር ያለ ደመወዝ ቆዩ። ሽማግሌዎቹ የአደራውን ገንዘብ ለማወቅ ደብተሯን ከፈቱ። "ቡ 3"፣ "ጨ 400 ለየወ"፣ "የእ. ልጅ መስከ." የሚሉ መስመሮች ናቸው። አንድም ሰው ሊያነባት አልቻለም።

ቀጥሎ የቦታው ጉዳይ መጣ። አዳራሹ ያረፈበት ቤትና ግቢ በ1980ዎቹ በምእመናን መዋጮ ሲገዛ አጥቢያዋ ሕጋዊ ሰውነት ስላልነበራት ካርታው የወጣው በአንድ ታማኝ ወንድም ስም ነው። ወንድም ሞተዋል። መጋቢው መታመማቸውን የሰሙት ወራሾች ስለ አባታቸው ንብረት ይጠይቁ ጀመር። ቦታው የቤተ ክርስቲያን መሆኑን በአካል የሚመሰክሩት መጋቢው ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ መናገር አልቻሉም።

ሦስተኛው፣ "ማን ይተካቸዋል?" የሚለው ጥያቄ ነው። ገሚሱ ዘማሪ የሆነውን ልጃቸውን አሰበ፤ ወጣቶቹ በየከተማው እየዞረ በትንቢት የሚያገለግል አንድ ሰው እንዲጠራ ፈለጉ፤ ሽማግሌዎቹ ለሁለት ተከፈሉ።

ያልሠራው የመጀመሪያ ሙከራ

መጋቢው ንግግራቸው በከፊል ተመልሶ ወደ ግቢው ሲገቡ ሽማግሌዎቹ ፈጣን መፍትሔ ያሉትን አደረጉ። ከሥነ መለኮት ኮሌጅ የተመረቀ ወጣት አገልጋይ ምክትል መጋቢ ተብሎ ተሾመ። የእሑድ ስብከት ለእሱ ተሰጠ። ከስብከት ሌላ ግን ምንም አልተሰጠውም። የገንዘብ ፊርማ፣ የጋብቻ ጉዳይ፣ የሠራተኛ ቅጥር፣ እርቅ፣ ሁሉም በነበረበት ቀረ። ጉባኤው ካበቃ በኋላ ምእመኑ ወጣቱን "ጌታ ይባርክህ" ብሎ ጨብጦት ያልፍና ግቢው ጥግ ወዳለችው የመጋቢው ቤት ደጃፍ ይሰለፋል። ወጣቱ የወሰነውን ያልወደደ ሰው እዚያ ደጃፍ ላይ ሌላ ውሳኔ ያገኛል። መጋቢው ይህን በክፋት አላደረጉትም፤ ሰው ሲመጣባቸው መመለስ አያውቁም። ወጣቱ ሁለት ዓመት ያህል ታግሦ በሰላም ተሰናብቶ ሄደ። አንዳንዶች "ጸጋው አልነበረውም" አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ስም ብቻ ተቀብሎ ሥልጣን ያልተሰጠው ሰው የቱንም ያህል ጸጋ ቢኖረው አጥቢያ ሊመራ አይችልም።

ሁለተኛው መንገድ

ወጣቱ ከሄደ በኋላ ዋናው ጽሕፈት ቤት አንድ ልምድ ያላቸው አባት ላከ፤ ከሽማግሌዎች፣ ከሴቶች፣ ከወጣቶችና ከገጠር ጣቢያዎች የተውጣጣ የርክክብ ኮሚቴም ተቋቋመ። የተላኩት አባት መጀመሪያ ያነሡት "ማን ይተካ?" የሚለውን ሳይሆን "መጋቢው የሚሠሩት ምንድን ነው?" የሚለውን ነው።

በመጋቢው በረንዳ ላይ ተቀምጠን ከሰኞ እስከ እሑድ የሚሠሩትን እንዲነግሩን ጠየቅናቸው። ስብከት ከብዙዎቹ አንዱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ምእመን ሲሞት የመቃብር ቦታ ጉዳይ ከቀበሌ ጋር የሚጨርሱት እሳቸው ናቸው። በማረሚያ ቤት ያሉትን የሚጠይቁ፣ የተጣሉ ወንድማማቾችን የውርስ ክርክር የሚሸመግሉ፣ የትኛው የገጠር ወንጌላዊ በዕዳ እንደተያዘ የሚያውቁ፣ ዩኒፎርም ለሌላቸው ልጆች በነሐሴ መጨረሻ ጨርቅ የሚገዙ እሳቸው ናቸው። እያንዳንዱን ሥራ ጻፍን፤ ከጎኑ የሚረከበውን ሰው ስም አኖርን። ጨርቁን የሴቶች አገልግሎት፣ ማረሚያ ቤቱን ሁለት ዲያቆናት፣ የመቃብሩን ጉዳይ አንድ በጡረታ ላይ ያሉ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ወሰዱ። ተተኪ ከመፈለጉ በፊት ሸክሙ ተከፋፈለ።

ከዚያ ወደ ደብተሮቹ ገባን። መጋቢው ያነባሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ቃል ሲጠፋቸው ባለቤታቸው ያቀብሏቸዋል። "ቡ" ቡና ነው፤ ደርግ ከወደቀ ሩብ ምዕተ ዓመት ቢያልፍም የተጠመቀ ሰው በደብተራቸው ላይ አሁንም ቡና ነበር። "ጨ" ጨው፣ ማለትም ገንዘብ ነው። "ለምን አልቀየሩትም ጋሼ?" ስላቸው "ማን ያውቃል ልጄ፣ ያ ቀን ተመልሶ ቢመጣ" አሉኝ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። የሥልጣን ጥም አልነበረም። ከሳቸው እጅ የወጣ ስም ሰው ያሳስር እንደ ነበር አልረሱትም። አንዳንድ ገጽ ላይ ሲደርሱ ግን "ይሄ የሰው ነው" ብለው ያልፋሉ፤ የተናዘዙላቸው ሰዎች ጉዳይ ነው። ኮሚቴው እነዚያ ገጾች እንዳይጻፉ ተስማማ። እኔም ትክክል ነበር እላለሁ፤ መጋቢ የሚያስረክበው አጥቢያውን እንጂ የሰውን ምሥጢር አይደለም።

ለረጅም ጊዜ ማንም ያልነካውን ጉዳይ ያነሡት ባለቤታቸው ናቸው። አንድ ቀን ቡና እየቀዱ "ሁሉን አስረክቡ ትላላችሁ፤ ከዚህ ግቢ ስንወጣ የት ነው የምንገባው?" አሉ። ኮሚቴው ዝም አለ። መጋቢው የጡረታ መዋጮ ተከፍሎላቸው አያውቅም፤ በስማቸው የተመዘገበ ጎጆ የለም። ስብሰባዎቹ ሁሉ ስለ ራእይና ስለ መተካካት ሲያወሩ፣ በዚያች ሁለት ክፍል ቤት ያለው ጭንቀት ይህ ነበር። አጥቢያዋ መዋጮ አሰባስባ በከተማው ሌላ ሰፈር አነስተኛ ቤት በመጋቢውና በባለቤታቸው ስም ገዛች፤ አንዳቸው ቢሞቱ ሌላው በሕይወት እስካለ የሚቀጥል ወርኃዊ ድጋፍም በጠቅላላ ጉባኤ ተወሰነ። ከዚያ በኋላ የመጋቢው አነጋገር ተለወጠ። ስለ ተተኪው ራሳቸው ይጠይቁ ጀመር።

ትንቢቶቹ

በጴንጤቆስጤ ቤተ ክርስቲያን የአመራር ለውጥ በቃለ ጉባኤ ብቻ አያልቅም። በአንድ የጾም ጸሎት ላይ በትንቢት ጸጋ የምትታወቅ እህት በትሩ ለልጁ እንደሚተላለፍ ተናገረች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከወጣቶቹ አንዱ ጌታ ከውጭ ሰው እንደሚያመጣ ተናገረ። ሁለቱም ወገን "ጌታ ተናግሯል" አለ። ሒሳቡ ይመርመር ያሉት ደግሞ "የቀባኋቸውን አትዳስሱ" የሚለው የመዝሙር 105፥15 ቃል ተነበበባቸው።

የተላኩት አባት ማንንም አልገሠጹም። 1ኛ ቆሮንቶስ 14፥29ን አውጥተው ነቢያት ሲናገሩ ሌሎቹ እንዲለዩ መታዘዙን አስተማሩ። ሁለቱም መልእክቶች ቀናቸው ተጠቅሶ በጽሑፍ ተያዙ፤ ሽማግሌዎች ጾመው እንዲመዝኑ፣ በአንድ ትንቢት ብቻ ሹመት እንዳይሰጥ ተወሰነ። ትንቢት የተናገሩት ሁለቱ ሰዎች ተጠርተው ቃላቸው እንዳልተናቀ ተነገራቸው። ይህ አክብሮት ብዙ ነገር አበረደ። የልጁን ጉዳይ የቋጩት ግን መጋቢው ናቸው። በጉባኤ ፊት ቆመው፣ በተያዘ አንደበታቸው ቀስ ብለው፣ "ልጄ የተሰጠው ዝማሬ ነው፤ እረኝነት አልተሰጠውም። ይህን ከኔ ቀድሞ የነገረኝ እሱው ነው" አሉ። ልጁ ተነሥቶ "አሜን" አለ፤ ጉባኤውም አጨበጨበ።

የቦታው መጨረሻ

ወራሾቹ አራት ናቸው። መጋቢው ከተሻላቸው በኋላ ከሟቹ የልብ ወዳጆች ሁለቱን ይዘው ቤታቸው ሄደው ሸመገሉ። በአገራችን ሕግ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በሟቹ ስም የነበረው ቤቱና የይዞታ መብቱ ነው። ሦስቱ ወራሾች በውልና ማስረጃ ቀርበው የስጦታ ውል ፈረሙ፤ ከመካከላቸው ውጭ አገር የምትኖረው በኤምባሲ በኩል ውክልና ልካ ነው። አራተኛው አልተስማማም። ፍርድ ቤት ከመካሰስ በገንዘብ መጨረስ ተመረጠ፤ የተከፈለው ገንዘብ ለአዲስ የሕፃናት ክፍል የተጠራቀመ ነበር። ብዙ ምእመን አዘነ። ካርታው በቤተ እምነቷ ስም ዞረ።

የተሳካውና ያልተሳካው

አዲሱ መጋቢ ከገጠር ጣቢያ አገልጋዮች መካከል ተመርጠው፣ መሥራቹ በጉባኤ ፊት እጃቸውን ጭነውባቸው ሥራ ጀመሩ። በዚያው ዕለት የቢሮ ቁልፍ፣ ማኅተምና የቼክ ፊርማ ተላለፈ። መሥራቹ ከግቢው ወጥተው አዲሱ ቤታቸው ገቡ። ምክር ፈልጎ ለሚመጣባቸው ሰው "መጀመሪያ መጋቢህን አናገርክ?" ማለትን ተለማመዱ፤ ባለቤታቸው እንደሚሉት ይህን መልመድ ከስትሮኩ በኋላ መራመድን ከመልመድ በልጦባቸዋል። ሒሳቡ በየዓመቱ በኦዲተር ተመርምሮ ለጠቅላላ ጉባኤ ይነበባል።

ያልተሳካውም ትንሽ አይደለም። ከወጣቶቹ የተወሰኑት ሌላውን አገልጋይ ተከትለው ወጡ፤ ጥቂቶች ቢመለሱም አብዛኞቹ በዚያው ቀሩ። የአባላት ምዝገባው አረጋውያኑን አስከፋ። በኅቡዕ ዘመን ቤታቸውን ከፍተው የነበሩ አንዲት እናት ቅጽ ሲሰጣቸው "እኔን ነው የምትጠይቁኝ?" ብለው አለቀሱ። ቅጹን ለሁሉም በአንድ እሑድ ከማደል ይልቅ ለነዚህ አባቶችና እናቶች ሽማግሌ ቤታቸው ሄዶ መሙላት ነበረበት። በኋላ እንዲህ ተደረገ፤ ቅሬታው ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። የመጀመሪያው ምክትል መጋቢም ይቅርታ የተጠየቀው በጣም ዘግይቶ ነው።

ለሌሎች አጥቢያዎች

ከዚህ ጉዳይ ለሌሎች የሚጠቅመው አንደኛው ነገር ቅደም ተከተሉ ይመስለኛል። የሥራው ዝርዝር፣ የንብረቱ ስምና የመሪው ኑሮ ሳይስተካከሉ ተተኪ መሰየም፣ በዚህች አጥቢያ እንደታየው፣ አንድ ቅን ወጣት አገልጋይን መስበር ነው። መሪው ከሥልጣኑ የማይለቅ በመሰለን ጊዜ "የት ይገባል? ምን ይበላል? ባለቤቱስ?" ብሎ መጠየቅ ይቅደም፤ የዚህን መልስ አጥቢያዋ ራሷ ማዘጋጀት አለባት።

በግለሰብ ስም ያለ ቦታ የያዘ አጥቢያ ደግሞ ባለስሙ በሕይወት ሳሉ ያዙረው። ዛሬ በአንድ ሰው ፈቃድ የሚያልቀው ነገ ከወራሾች ሁሉ ጋር ስምምነት ይጠይቃል። ትንቢትን በሚመለከት፣ መልእክቱን መጻፍና በጊዜ መመዘን እምነት ማነስ አይደለም፤ የተናገረውንም የሰማውንም ይጠብቃል።

መሥራቾቹ ሲያስረክቡ ጊዜ ይሰጣቸው። የዘመኑ ሰው በጥርጣሬ የሚያየው ምሥጢረኛነታቸው ብዙዎችን ከእስር ያዳነ ነው። ደብተራቸውን አብሯቸው የሚያነብ ሰው ሲያገኙ አብዛኞቹ ራሳቸው ይከፍቱታል። ያ ሰው ሊገኝ የሚገባው ግን አንደበታቸው ሳይያዝ ነው።

በዚህች አጥቢያ ያልተቋጨው የሁለቱ ገጠር ስብከት ጣቢያዎች ይዞታ ነው፤ አሁንም በግለሰቦች ስም ነው። አንደኛው ባለስም ዕድሜያቸው ስለገፋ ኮሚቴው በእሳቸው ጀምሯል።